ጥያቄና መልስ፦ እሳተ ገሞራ ላይ የተጣደ ተርባይን

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጌም ናቸው፤ የካናዳው ክሌይ ኢንተርቴይንመንት እ.ኤ.አ. በ2019 አጠናቆ ስላወጣው «ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ»። ከመሬት በታች ሰፈር የምትቆረቁርበት፣ አየሩም ውሃውም ሙቀቱም በስሌት የሚሄድበት ጌም ነው። ጠያቂዎቹ እሳተ ገሞራ አግኝተው ኤሌክትሪክ ሊያመነጩበት የተነሱ ናቸው።

«እሳተ ገሞራውን አጥሬ፣ ውሃ ጨምሬ ከላዩ ስቲም ተርባይን (በእንፋሎት የሚዞር ኤሌክትሪክ ማመንጫ) ሠራሁ። ጥቂት ዞሮ ቆመ። እንፋሎቱ ግን ሞልቷል።»

የጎደለህ ማቀዝቀዣ ነው። ተርባይኑ ከእንፋሎቱ ከሚወስደው ሙቀት አንድ አሥረኛው ወደ ራሱ ይገባል፤ የራሱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ሥራ ያቆማል። ጠቅ አድርገህ እየው፣ ቁጥሩን ታገኘዋለህ። ተርባይኑ ባለበት ክፍል ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ አዙርበት። ክፍሉ ግን ቫኪዩም (አየር አልባ) እንዳይሆን፤ ሙቀቱን ወደ ቧንቧው የሚያሻግር ትንሽ ሃይድሮጅን ልቀቅበት።

«ውሃውን የሚያቀዘቅዘው አኳቱነር 1,200 ዋት ይበላል፣ ተርባይኑ ቢበዛ 850 ነው የሚሰጠው። ታዲያ ይሄ ኪሳራ አይደለም ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ያፈርሰዋል። ኪሳራ የሚሆነው አኳቱነሩ ያለ እረፍት ቢሠራ ነበር። በሙሉ ኃይሉ የሚዞር ተርባይን በሰከንድ 92 ኪሎ ዲቲዩ (ዲቲዩ የጌሙ የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ወደ ራሱ ያስገባል። አኳቱነሩ ደግሞ በሰከንድ 10 ኪሎ ውሃ እያሳለፈ 14 ዲግሪ ሲቀንስለት 585 ኪሎ ዲቲዩ ያነሳል። ስለዚህ አንዱ ስድስት ተርባይን ይችላል። ያለህ አንድ ተርባይን ብቻ ከሆነ አኳቱነሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚውለው፤ በአማካይ ከ200 ዋት በታች ይበላል ማለት ነው። አኳቱነሩን ከስቲል ሠርተህ እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ አስቀምጠው፤ ከውሃው የነጠቀው ሙቀት ተመልሶ ተርባይኑን ያዞርልሃል። ውሃው ግን በረዶ ሆኖ ቧንቧ እንዳይሰብርብህ፣ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነው እንዳይገባ ሴንሰር አድርግለት።

«እንፋሎቴ 400 ዲግሪ ደርሷል፤ ዋቱ ግን ከ850 ንቅንቅ አላለም።»

አይልምም። ሙሉው 850 ዋት በ200 ዲግሪ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት በከንቱ ይጠፋል። ይልቅ የስቲሉ አኳቱነር ከ325 ዲግሪ በላይ መጎዳት ይጀምራልና ቶሎ በለው። 1,727 ዲግሪ የሆነው ማግማ (ከእሳተ ገሞራው የሚወጣው ቅልጥ ዓለት) እንፋሎቱን በቀጥታ እንዳያገኘው በመሃል ቫኪዩም አድርግና ሜካናይዝድ በር አቁምበት። ነገሩ ከምናውቀው በር ይገለበጣል፦ ሲዘጋ ሙቀት ያሳልፋል፣ ሲከፈት ቫኪዩም ብቻ ስለሚቀር አያሳልፍም። የእንፋሎቱን ቴርሞ ሴንሰር (ሙቀት ለኪ) «ከ200 በላይ» ላይ አድርገህ ከበሩ ጋር አገናኘው፤ 200 ሲያልፍ በሩ ይከፈታል፤ ምጣዱን እያነሳ የሚጥድልህ እሱ ይሆናል።

«ስንት ተርባይን ይበቃኛል?»

እሳተ ገሞራውን አስጠናና የሚተኛበትን ዘመን ጨምሮ የተሰላውን አማካይ ምርት አንብብ። አንድ ኪሎ ማግማ ወደ 200 ዲግሪ እስኪወርድ አንድ ተርባይን በሙሉ ኃይል የሚያዞረው ለ1.7 ሰከንድ ያህል ነው። አማካዩ በሰከንድ 1.2 ኪሎ ከሆነ የሚያስፈልግህ ሁለት ተርባይን ገደማ ነው።

«በእውነተኛው ዓለምስ ማግማ ላይ ተርባይን ይተከላል?»

የጂኦተርማል ጣቢያዎች፣ የእኛው አሉቶ ላንጋኖም ጭምር፣ የሚጠቀሙት ማግማውን ሳይሆን በጋለ ዓለት ውስጥ ያለውን ውሃና እንፋሎት ነው። አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ቆፋሪዎች እስከ 4,500 ሜትር ሊወርዱ ተነስተው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ሳያስቡት ማግማ ውስጥ ገቡ። ጥለውት አልሄዱም፤ ቫልቭ ተበላሽቶ በ2012 እስኪዘጋ ድረስ 450 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት እያወጡ ሞከሩበት።

ጌሙ የሚቀጥፈው ሌላ ቦታ ነው። ተርባይኑ በሰከንድ 878 ኪሎ ዲቲዩ ወስዶ 850 ዋት ይመልሳል። ዲቲዩን እንደ ጁል ከቆጠርነው አንድ ሺኛ ገደማ መሆኑ ነው፤ የቀረው የት እንደገባ አይጠየቅም። ስለዚህ ለእኔ ተርባይኑ ማቀዝቀዣ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ምራቂ ነው።

«የወርቅ እሳተ ገሞራም አለኝ። በየትኛው ልጀምር?»

በወርቁ። አንድ ኪሎ ቀልጦ የሚወጣ ወርቅ የሚያመጣው ሙቀት የማግማውን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ስህተትህን ይታገስሃል፤ የተጣራ ወርቅም ታነሳለህ። ግድግዳውን ከኦብሲዲያን (መስታወት መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ሥራው። ወርቁ 2,627 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፣ ኦብሲዲያን የሚቀልጠው 2,727 ላይ ነው።