ባለቀለም ኢሪደር ለልጆች፦ ከቀለሙ በፊት ስፋቱን እዪ

እህቴ፣ የአራት እና የሰባት ዓመት ልጆች እንዳሉሽ፣ ማታ ማታ አብረሻቸው እንደምታነቢ፣ ታብሌት እንደሰለቸሽ ጽፈሻል። ኪስ የማይጎዳ ባለቀለም ኢሪደር (እንደ ወረቀት በሚታይ ስክሪን መጽሐፍ የሚነበብበት መሣሪያ) ፈልገሽ «ባለ 6 ኢንቹ ይበቃል ወይ?» ብለሻል። እኔም በዚህ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋር በባለቀለም ኢሪደር ስለማነብ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ለሰባት ዓመቱ ሊበቃ ይችላል። ለአራት ዓመቱ ግን አይበቃም።

ችግሩ ቀለሙ ሳይሆን ስፋቱ ነው። የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ሲታተም ትልቅ ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በሁለት ገጽ ላይ ይዘረጋል፣ ጽሑፉም እዚያው ሥዕሉ ላይ ያርፋል። እንደ ልብወለድ ፊደሉን ብቻ ነጥለሽ ማሳደግ አትችይም። ያ ሁሉ ገጽ 6 ኢንች ውስጥ ሲገባ ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል። ልጁ ጥንቸሏ የት እንደተደበቀች ለማየት ስክሪኑ ላይ ይለጠፋል፤ አንቺ ደግሞ ገጹን በጣትሽ ማጉላት፣ ማንሸራተት፣ መልሶ ማሳነስ ትጀምሪያለሽ። ኢሪደር ላይ ይሄ ቀርፋፋ ነው። በየገጹ እንዲህ ከሆነ ታሪኩ ይቆራረጣል፣ ልጁም ተነስቶ ይሄዳል።

በ6 እና በ7 ኢንች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ኢንቹ ግን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ስለሆነ፣ ባለ 7ቱ በስፋት ከሲሶ በላይ ይበልጣል። 7.8 ኢንች ከሆነ ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው ብልጫው። አንቺና ሁለቱ ልጆች ተጠጋግታችሁ ስታነቡ ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። ለሥዕል መጽሐፍ ከ7 በታች አትውረጂ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኙት ባለቀለም ኢሪደሮች አብዛኞቹ ካሌይዶ 3 የተባለውን የኢ ኢንክ ስክሪን ይጠቀማሉ። ጥቁርና ነጭ ስክሪን ነው፤ ላዩ ላይ የቀለም ማጣሪያ ተደርቦበታል። ጥቁር ጽሑፍ በኢንች 300 ፒክስል (ሥዕሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ሲታይ፣ ቀለም ያለው ግን 150 ብቻ ነው። ማጣሪያው ብርሃን ስለሚይዝ ገጹ ግራጫ ቢጤ ይሆናል፣ ቀለሙም እንደ ጋዜጣ ሥዕል ፈዘዝ ይላል። ታብሌት የለመደ ልጅ መጀመሪያ «ለምን ደበዘዘ?» ማለቱ አይቀርም። ይለምደዋል። በቀን ብርሃን በጣም ያምራል፤ ማታ የስክሪኑን መብራት ከፍ፣ የመብራቱን ቀለም ደግሞ ወደ ቢጫ ሞቅ አድርጊው። እንደ ታብሌት ፊት ላይ የሚያበራ ባለመሆኑ ከመኝታ በፊት የምመርጠው ይሄንን ነው።

ያገለገለ ለመግዛት ካሰብሽ አንድ ነገር አጣሪ። ከካሌይዶ 3 በፊት የነበሩት ስክሪኖች ቀለም የሚያሳዩት በኢንች 100 ፒክስል ነው፤ ለሥዕል ያንሳል። ለምሳሌ የፖኬትቡክ ኢንክፓድ ከለር 2 እና 3 ሁለቱም 7.8 ኢንች ናቸው። ካሌይዶ 3 ያለው ግን 3ኛው ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ አትቀበዪ።

ከአዲሶቹ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ኮቦ የተባለው ኩባንያ ክላራ ከለር ነው፤ 6 ኢንች። ራሱን ችሎ ማንበብ ለጀመረና ሥዕል ጣል ጣል ያለበት የምዕራፍ መጽሐፍ ለሚወድ ልጅ ግሩም ነው። ለአንቺ ቤት ግን ምርጫዬ ኮቦ ሊብራ ከለር ነው። 7 ኢንች ነው፣ ዋጋው ከክላራ ከፍ ይላል፣ ግን ገጽ የሚገለጥበት ቁልፍ አለው። ይሄን ቁልፍ አትናቂው! የአራት ዓመት ልጅ ስክሪን በነካ ቁጥር ገጽ ይዘላል፣ ወይ ሌላ ነገር ይከፈታል። ቁልፍ ካለ «አሁን ግለጥ» ትዪዋለሽ፣ እሱም ጠቅ ያደርጋል። ገጽ መግለጥ የእሱ ሥራ ሲሆን ታሪኩን በትኩረት ይከታተላል። ክላራም ሊብራም ውሃ ይቋቋማሉ፤ ልጅ ባለበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአማዞኑ ኪንድል ከለርሶፍትም 7 ኢንች ነው፣ ቁልፍ ግን የለውም። ቡክስ ጎ ከለር 7 አንድሮይድ ስለሆነ መተግበሪያ ይጫንበታል። ከታብሌት ለመሸሽ ለፈለገች እናት እኔ አልመክረውም፤ ጨዋታና ቪዲዮ ተመልሶ ይመጣል።

የአማርኛ መጽሐፍም ታነቢላቸዋለሽ ብዬ ልገምት። ፒዲኤፍ ከሆነ ፊደሉ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ስላለ አያስቸግርም። ኢፐብ (ፊደሉን ማሳደግ የሚቻልበት የመጽሐፍ ፋይል) ሆኖ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከመጣብሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት አውርጂ። ኮቦውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ በእንግሊዝኛ ፊደል «fonts» የሚል አዲስ ፎልደር ፍጠሪና እዚያ አስገቢው፤ ከዚያ ከፎንት ዝርዝሩ ውስጥ ትመርጪዋለሽ። ስቶሪዊቨር የተባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛም ጭምር ነፃ የሥዕል ታሪኮች አሉ። ባለ ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ ካጋጠመሽ በኮምፒውተር ለሁለት ክፈዪው፤ ንባቡ በጣም ይቀላል።

ከቨር አብረሽ ግዢ። የኢ ኢንክ ስክሪን ጫና አይወድም፤ ልጅ ከተቀመጠበት አለቀለት።

ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ደግሞ ይሄን ሞክሪ። ሁለት ወረቀት ቁረጪ፤ አንዱ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 10.7 በ14.2። የ6 እና የ7 ኢንች ስክሪን ልክ ማለት ነው። ልጆቹ የሚወዱትን መጽሐፍ አንድ ገጽ ኮምፒውተር ላይ በየወረቀቱ ልክ አሳንሺና ከተለመደው ርቀት ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ። በትንሹ ሳትቸገሪ ካነበብሽ ክላራን ውሰጂ፣ የተረፈሽን ብር መጽሐፍ ግዢበት።