መጫወቻ ስትመርጡ፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

የምሠራው ገና ትምህርት ቤት ካልገቡ ሕፃናት ጋር ነው። አብዛኛውን ቀን ወለል ላይ ተቀምጬ ሲጫወቱ አያለሁ፣ አብሬያቸውም እጫወታለሁ። ስለ መጫወቻ አመራረጥ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የመጣውን እነሆ።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ልጅ አለችኝ። «አእምሮን የሚያዳብር» የሚል የተጻፈበት መጫወቻ አየሁ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ካልገዛሁላት ወደ ኋላ ትቀርብኛለች?

አትቀርብሽም እህቴ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የሻጭ ቃል እንጂ የሐኪም ቃል አይደለም። በ7 ወር የልጅሽ ሥራ መጨበጥ፣ መነቅነቅ፣ መላስ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ለዚህ የጨርቅ ኳስ፣ ጠርዙ የለሰለሰ የእንጨት ቀለበት፣ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃታል። እጇ ውስጥ የሚገባ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ግን የማይገባ፣ የሚታጠብ ይሁን።

ወደ 8 ወር ገደማ ሌላ ትልቅ ነገር ይመጣል። ከዓይኗ የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ መረዳት ትጀምራለች። ኳሱን እያየች በፎጣ ሸፍኚው። ፎጣውን ታያለች፣ አንቺን ታያለች፣ ከዚያ እጇን ሰድዳ ጎትታ ትገልጠዋለች። ደግማ ደጋግማ እንድታደርጊላት ትፈልጋለች፤ አድርጊላት። አእምሮ የሚዳብረው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና 1 ወሩ ነው። ምን ልግዛለት?

ምንም። አሁን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ሲታቀፍ የሚያቅፈው ሰው ፊት ያለበት ርቀት ማለት ነው። ፊታችሁና ድምፃችሁ ይበቁታል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ቁልፉን ሲጫኑት የሚዘፍንና ፊደል የሚጠራ መጫወቻ ለ1 ዓመት ልጇ ገዛች። «ልጄ እየተማረበት ነው» ትላለች። እኔም ልግዛ?

እኔ ብሆን አልገዛም። ምክንያቴን ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከ10 እስከ 16 ወር ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን፣ በድምሩ 26 ጥንዶችን፣ ቤታቸው ሲጫወቱ ድምፃቸውን ቀርጾ አዳመጠ። በሚያወራና በሚዘፍን መጫወቻ ሲጫወቱ ወላጆቹ የተናገሩት ቃል አነስተኛ ነበር፤ ልጁ ድምፅ ሲያሰማም መልስ የሚሰጡት ያን ያህል አልነበረም። ልጆቹም ራሳቸው ድምፅ ማሰማት ቀነሱ። በሥዕል መጽሐፍ ጊዜ ግን ወሬው ደራ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሲለፈልፍ ሰው ዝም ይላል። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ደግሞ ከሚመልስለት ሰው ነው።

ሌላም አለ። ቁልፍ የሚጫን ልጅ ይጫናል፣ መብራቱ ይበራል፣ በቃ አለቀ። ድስትና ክዳን የያዘን ልጅ ደግሞ እይው። ክዳኑን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ ይንሸራተትበታል። በጎን ይሞክረዋል። ያንኳኳዋል፣ በድምፁ ይደነቃል። በስተመጨረሻ ልክክ ሲልለት ቀና ብሎ ያይሻል። እዚህ ጋ ሥራውን የሠራው ልጁ ነው፤ እዚያ ግን ባትሪው ነው። እኔ መጫወቻ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ዕቃው ያነሰ በሠራ ቁጥር ልጁ የበለጠ ይሠራል።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ ክፍል በመጫወቻ ተሞልቷል፤ እሱ ግን አንዱን አንሥቶ አንዱን ይጥላል። ትኩረት የለውም ልበል?

እማማ፣ ልጁ ምንም አልሆነም፤ የበዛው ዕቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። አራት ብቻ ሲሆን በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፣ በተለያየ መንገድም ተጫወቱበት። እርስዎም ጥቂቱን ይተዉለትና የቀረውን በሣጥን ያስቀምጡት። በየሳምንቱ እያወጡ ይቀይሩለት። የተረሳ ዕቃ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚቀበለው።

ጥያቄ፦ አንድ መጫወቻ ብቻ ግዢ ብትባይ ምን ትመርጫለሽ?

ሳላመነታ የእንጨት ብሎክ! ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን አፀደ ሕፃናት ሲከፍት ለልጆች ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች መካከል የእንጨት ብሎኮች ነበሩበት። እስከ ዛሬ ከእጅ አልወጡም።

ደግሞ ከልጁ ጋር ያድጋሉ። በ1 ዓመቱ ሁለቱን ያጋጫል፣ እናንተ የካባችሁትን ይንዳል (መናዱ ራሱ ትምህርት ነው፤ አትቆጡት)። በ1 ዓመት ተኩል ሦስት አራት መደርደር ይችላል። 3 ዓመት ገደማ ሁለቱን አቁሞ አንዱን በላይ ያጋድማል፤ ድልድይ ሠራ ማለት ነው። በ4 እና በ5 ዓመት ቤት፣ መንገድ፣ ጋራዥ ይሠራና ታሪኩን ይነግራችኋል። ሚዛን፣ ቁጥር፣ ርዝመት፣ ትዕግሥት፣ ቃላት፣ ሁሉም እዚያው አለ። ብዛቱ ዋናው አይደለም፤ ለትንሽ ልጅ ሃያ ሠላሳ ብሎክ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና 2 ዓመቷ ነው ግን በጣም ፈጣን ናት። «ከ3 ዓመት በላይ» የሚለውን ብሰጣት ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። ያ ምልክት ስለ ጉብዝና አይደለም። ዕቃው ትንንሽ ቁራጭ ስላለው ልጅ ሊያንቅ ይችላል ማለት ነው። ብልህ የሆነ ልጅም ጉሮሮው ያው ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አደገኛውን እንዴት ልለየው?

ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። በብዙ አገር አምራቾች የሚለኩበት ሲሊንደር ወርዱ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተሠራ መጫወቻም ሆነ ከሱ የሚወልቅ ቁራጭ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት የለበትም። ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ሶፍት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ተጠቀሙ። ከመለኪያው ሰፋ ስለሚል የበለጠ ያስጠነቅቃችኋል፤ የሚያልፍበትን ሁሉ አርቁት። የአሻንጉሊቱን ዓይን፣ የመኪናውን ጎማ ጎተት ጎተት አድርጉ። የሚነቀል ከሆነ እናንተ ቀድማችሁ ንቀሉት።

ከሁሉ በላይ የምፈራው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ነው። ልጅ ውጦ ጉሮሮው ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። የባትሪው ቤት በብሎን ያልተዘጋ መጫወቻ አትግዙ። ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀትን መሃል አድርገው ይሳሳቡና ይበሱታል። ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡት ባለ ቀለም ፍሬዎችም ሆድ ውስጥ ያብጣሉ። ያልተነፋና የፈነዳ ፊኛ ከልጅ ፊት ይነሣ። ረጅም ገመድ ያለው ነገር አልጋ ውስጥ አይደር።

ጥያቄ፦ ቶሎ እንዲሄድ ባለ ጎማ ዋከር (ልጁ መሃሉ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን) ልግዛለት?

አትግዛ ወንድሜ። ልጅ ቶሎ እንዲሄድ አያደርገውም፤ ደረጃ ላይ ይዞት ይወድቃል፣ የጋለ ነገር ጋ ያደርሰዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭምር ከልክላለች። ወለል ላይ ልቀቀው፤ ይዳህ፣ ይያዝ፣ ይቁም።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ወንድ ልጄ አሻንጉሊት ማቀፍ ይወዳል። ባለቤቴ ደስ አላለውም።

አሻንጉሊቱን እንዴት ነው የሚይዘው? ያጎርሰዋል፣ ያስተኛዋል፣ «አይዞህ» ይለዋል አይደል? አባቱ ለእሱ የሚያደርገውን ነው የሚደግመው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። ዕቃ ዕቃ ጨዋታ የሰውን ስሜት መረዳት ያለማምዳል፣ ቋንቋም ያበለጽጋል። ሴቷም ብሎክና መኪና ትያዝ።

ጥያቄ፦ የታብሌት ጨዋታስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፣ ከዚያ በታች ላለም እንዲሁ። ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት፣ ካነሰም የተሻለ ነው ይላል። ከፈቀዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ሞላው። ምንም ብገዛለት አይጫወትም። መኪናዎቹን ይደረድራል። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ አንድም ቃል አልጀመረም። ምን ዓይነት መጫወቻ ይረዳዋል?

እህቴ፣ ይህ የመጫወቻ ጥያቄ አይደለም። መደርደር ብቻውን አያሳስብም፤ ብዙ ልጆች ይደረድራሉ። ግን በ2 ዓመት ቃል አለመጀመር ከስም አለመስማት ጋር ሲደመር ሐኪም ማየት አለበት። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚልሽን አትስሚ። በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ መስማት የሚያዳግተው ልጅም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የእድገት ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቂ። ሲደረድር በስልክሽ ቅረጪው፤ ሐኪሙ ቢሮ ላያደርገው ይችላል። እስከዚያ ደግሞ አጠገቡ ወለል ላይ ተቀመጪ። እሱ አንድ መኪና ሲያስቀምጥ አንቺም አንድ አስቀምጪ።