ዳማከሴ ለሕፃን፣ ኮሶ ለልጅ

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄን ምች መታው። ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ያስላል፣ አፍንጫውም ተደፍኗል። እናቴ «ዳማከሴ ጨምቀሽ ባፍንጫው ጠብ አድርጊለት፣ ትንሹን በማር አጠጪው» ትለኛለች። መጠኑ ስንት ነው?

መልስ፦ አፍንጫው ውስጥ አይጨምሩ፤ ማሩንም ይተዉት። አዋቂ ሰው ጭማቂው ትን ቢለው አስሎ ያወጣዋል፤ ሕፃን ግን ወደ ሳንባው ሲወርድበት መመለስ ያቅተዋል። ጥሬ ጭማቂ ደግሞ የቅጠሉን አፈርና ጀርም ይዞ ነው የሚገባው። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨርሶ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን፣ ጡንቻ የሚያዝል መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለሚጠጣ ዳማከሴ በሕፃን ኪሎ የተለካ መጠን የለም፤ «እፍኝ ቅጠል» እንደ እፍኙ ነው። የተቆረጠው እንዳይባክን ከሆነ አዋቂዎቹ በቡና ይጠጡት።

ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ምች» የሚለው ስም ነው። የሳንባ ምች፣ ወባና የጆሮ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገልጠው፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃን ትንፋሹን አንዴ ያፈጥናል፣ አንዴ ያዘገያል። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ቆጠራውን ትተው ይሩጡ። ወባ ባለበት አካባቢ ከሆኑ ትንፋሹ ደህና ቢሆንም ደሙ ይመርመር።

እስከዚያው ቶሎ ቶሎ ጡት ያጥቡት፤ ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሽሮፕ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው። 8 ኪሎ ከሆነ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። የሾርባ ማንኪያ አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ትል አወጣ። ኮሶ ላጠጣው?

መልስ፦ አያጠጡት። መድኃኒቱም ትሉም «ኮሶ» መባላቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። ደርቆ የሚወቀጠው የሴቴው ዛፍ አበባ የሚታወቀው በጥሬ ሥጋ ለሚመጣው፣ እንደ ጥብጣብ ተቆራርጦ ለሚወጣው ትል ነው። የወጣው እንደ ምድር ትል ክብና ረዘም ያለ ከሆነ ወስፋት ነው፤ ለእሱ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እንዳያንቀው አኝኮ ይዋጠው። እንደ ጥብጣብ ከሆነ ደግሞ ሰገራው ይመርመርና በኪሎው ልክ ይታዘዝለት። ኮሶ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ዐይንንም ሊጎዳ ይችላል፤ ለልጅ ደግሞ መብዛቱ የሚታወቀው ከጠጣው በኋላ ነው።