ዳኞች አርሰናልን ሆን ብለው ይጎዳሉ ወይ? የኛስ ዳኞች ይበላሉ?

ወንድማችን ሁለት ነገር ነው የጠየቀው። አንደኛው፣ የእንግሊዝ ዳኞች አርሰናልን ጥምድ አድርገው ይዘውታል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ በወረዳዎች ውድድር ባለሜዳው ቡድን ሁሌ የሚደገፈው ዳኛው በልቶ ነው ወይ የሚል። አብዛኛው ሰው "ዳኛ ሌባ ነው" ብሎ በአንድ መስመር ዘግቶታል። እኔ ደብረ ብርሃን እየኖርኩ በዞኑ ውድድሮች ለዓመታት ባንዲራም ይዤ ፊሽካም ነፍቼ አጫውቻለሁ። ጉዳዩ ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ማዳላት አለ። ጉቦም አለ። ሁለቱ ግን የሚመጡበት በር ለየቅል ነው፤ ደጋፊው ደግሞ የሚጠብቀው ሦስተኛ በር ላይ ቆሞ ነው፣ "ክለባችንን ይጠላል" የሚለው በር ላይ። እኔ ባየሁት ዳኛ የሚዘነብለው ከጥላቻ ይልቅ በዙሪያው ለቆመው ሕዝብ ነው። ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ ዳኛ የሚመደብበት ቢሮ ወይም የቁማር ጠረጴዛ ነው።

የወረዳ ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አጥር የለም፣ ገመድ የለም፣ ሕዝቡ የሚቆመው ኖራው ላይ ነው። ረዳት ዳኛ ስትሆን በሰው እግርና በመስመሩ መሀል የምትሮጥበት ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም። ጋቢ የለበሱ አባት ትከሻህን ነካ አድርገው "አየኸው አይደል ልጄ?" ይሉሃል። ከኋላቸው ያለው ጎረምሳ እናትህን ይሰድባል። አጥቂው ሲሮጥ ዓይንህ የመጨረሻው ተከላካይ ላይ መሆን አለበት፣ ጆሮህ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ኳሷ ከመመታቷ በፊት "ኦፍሳይድ!" የሚለው ጩኸት ጀርባህን ገፍቶህ ይደርሳል። እዚያ ቦታ ላይ እጅህ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ጉቦ አላስፈለገም። የሚያስፈራው ደግሞ ዳኛው ራሱ ማዳላቱን አለማወቁ ነው። ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ይተኛል፤ ያየሁትን ፈረድኩ ብሎ ያምናልና።

ጭማሪ ደቂቃ ከሁሉም ይብሳል። እኛ ጋ ጭማሪውን በሰሌዳ የሚያሳይ አራተኛ ዳኛ የለም፣ ሰዓቱ ያለው የመሀል ዳኛው እጅ ላይ ብቻ ነው። ባለሜዳው እየመራ ከሆነ የወጣች ኳስ ከተረተሩ ሥር ገብታ ትጠፋለች፤ እየተመራ ከሆነ ግን ሁለተኛ ኳስ ከየት መጣ ሳይባል ይወረወራል። መንዝ ደጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድና ሕዝቡ "ይበቃል፣ ንፋ!" ሲል፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ደግሞ "ገና ነው፣ ገና ነው!" ሲል ዳኛው የባከነውን ጊዜ በልቡ ይደምራል፤ ጩኸቱም አብሮ ይደመራል።

ይህ የኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። የ1990ዎቹን (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የስፔን ሊግ ጨዋታዎች ያጠኑ የኢኮኖሚ ምሁራን ባለሜዳው በአንድ ጎል ብልጫ ሲይዝ ጭማሪው ደቂቃ እንደሚያጥር፣ በአንድ ጎል ወደኋላ ሲቀር ደግሞ እንደሚረዝም አግኝተዋል። ልዩነቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎል ሲሆን ግን ማዳላቱ ይጠፋል፤ ዳኛው ሊለውጠው የሚችለው ነገር የለማ! እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 40 ዳኞች የሊቨርፑልና የሌስተርን ጨዋታ በቪዲዮ እንዲያዩ ተደርጎ ነበር፣ ገሚሱ ከነድምፁ ገሚሱ ያለ ድምፅ። የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ የፈረዱት በባለሜዳው ላይ የያዙት ጥፋት በ15 በመቶ ገደማ አነሰ። ተጫዋቹ ያው፣ ግጭቱ ያው፣ የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነው። ኮሮና መጥቶ ስታዲየም ባዶ ሲሆንም በመላው አውሮፓ እንግዳው ቡድን የሚያየው ቢጫ ካርድ ቀነሰ። እነዚህ ዳኞች ደመወዝተኞች ናቸው፣ በካሜራ ይታያሉ፣ በፖሊስ ይጠበቃሉ። በእግሩ ወደ መናኸሪያ ሄዶ ከደጋፊው ጋር አንድ አውቶቡስ የሚሳፈረውን የኛን ዳኛ ከዚያ በኋላ አስቡት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አብሬያቸው ያጫወትኩ አንድ አንጋፋ ዳኛ ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ለአንድ ጨዋታ ዋዜማ ወደ አንድ ወረዳ ከተማ ስንደርስ የባለሜዳው ቡድን ሰዎች መናኸሪያ ቆመው ጠበቁን። ሻንጣችንን ተቀበሉ፣ አልጋ ተይዟል አሉ፣ ጥብስ ታዟል፣ አረቄም ቀርቧል። ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጋሼ ግን ሻንጣቸውን መልሰው ተቀበሉና "ጌቶቼ፣ ነገ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ የጋበዛችሁትን ሁሉ እበላለሁ፤ ዛሬ የማንም እንግዳ አይደለሁም" አሏቸው። ከኪሳቸው ከፍለው ሌላ ቤት አደርን። ያኔ አበል የሚከፍለን ራሱ አዘጋጁ ወረዳ ነበር፣ ያውም ከጨዋታው በኋላ። የምትፈርድበት ቡድን አገር ሰዎች ጨዋታው አልቆ አበልህን በእጅህ ሲቆጥሩልህ አስቡት። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም ነገር ተበላሽቶ ይጠብቃል።

በዓለም ላይ የተያዙትን ዳኞች ብታዩም "ይህን ክለብ ጠልቶ ነው" የሚል ታሪክ አይደለም የሚገኘው። ጀርመናዊው ሮበርት ሆይዘር በ2004 የጀርመን ዋንጫ ጨዋታ ሃምቡርግ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በታችኛው ሊግ በነበረው በፓደርቦርን 4 ለ 2 እንዲሸነፍ አድርጓል፤ ሃምቡርግ ምን አድርጎት? ምንም። ቁማርተኞች ገንዘብ አስይዘው ነበር። 2 ዓመት ከ5 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ጋናዊው ጆሴፍ ላምፕቴ በ2016 በደቡብ አፍሪካና በሴኔጋል ጨዋታ የሴኔጋሉን ተከላካይ የኩሊባሊን ጉልበት የነካች ኳስ እጅ ነው ብሎ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ፊፋ ዕድሜ ልኩን አገደው፣ ጨዋታውም ተደግሞ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸነፈ። የኛው ዳኛ ባምላክ ተሰማ በተመረጠበት በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ኬንያዊው ረዳት ዳኛ አደን ማርዋ 600 ዶላር ሲቀበል በድብቅ ካሜራ ተቀርፆ ከውድድሩ በፊት ራሱን አገለለ።

ከሁሉም ትልቁ የጣሊያኑ የ2006 ቅሌት ነው። የዩቬንቱስ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሉቺያኖ ሞጂ በስልክ ሲያወሩ የተገኙት ዳኛ ከሚመድቡት ሰዎች ጋር ነው። ማን የትኛውን ጨዋታ ያጫውት የሚለውን ከያዝክ ሜዳ ላይ ያለውን ሰው መግዛት አያስፈልግህም። ዩቬንቱስ ሁለት ዋንጫ ተነጥቆ ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ሴሪ ቢ፣ ወረደ። የባርሴሎናውም ክስ ያው መንገድ ነው፤ ከ2001 እስከ 2018 ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የተከፈለው ያኔ የስፔን ዳኞች ኮሚቴ ምክትል ፕሬዚዳንት ለነበረው ለኔግሬራ ነው። ክለቡ የሙያ ሪፖርት ገዛሁ እንጂ ዳኛ አልገዛሁም ይላል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ግን ሪፖርት የሚሸጥ የዳኞች ኮሚቴ አመራር መኖሩ ራሱ ያናድደኛል።

አርሰናልን በተመለከተ፣ እኔም አርሰናል ነኝ፣ ሕመሙን አውቀዋለሁ። በ2004 ዳኛው ማይክ ራይሊ ለማንቸስተር ዩናይትዱ ሩኒ በሰጠው ፔናሊቲ 49 ጨዋታ ያለመሸነፍ ጉዟችን ኦልድትራፎርድ ላይ ሲቆም ያላለቀሰ የለም። በ2025 ጥር ተጫዋቻችን ሉዊስ ስኬሊ ከዎልቭስ ጋር ስንጫወት ያየው ቀይ ካርድ ስህተት ነበር፣ በይግባኝም ተሰርዟል። ግን የሊቨርፑል ልጆችን ጠይቋቸው፤ በ2023 ቶተንሃም ላይ የሉዊስ ዲያዝ ትክክለኛ ጎል የተሻረው የቫሩ ሰው (ውሳኔውን በቪዲዮ የሚያጣራው ዳኛ) ሜዳ ላይ ጎሉ የፀደቀ መስሎት "ተረጋግጧል" ብሎ ስላለፈው ነው፣ ድምፁን ራሳቸው ለቀውታል። ኖቲንግሃም ፎረስትን ጠይቁ፤ በ2024 ከኤቨርተን ጋር ሦስት ፔናሊቲ ተከለከልን፣ የቫሩ ዳኛ የተፎካካሪያችን የሉተን ደጋፊ ነው ብለው ጽፈው 750,000 ፓውንድ ተቀጥተዋል። ሁሉም የየራሱን በደል መዝግቧል። የሌላውን የሚመዘግብ ደጋፊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ለአንድ ክለብ ማዳላት አለ ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ለሃያውም ክለብ የተሳሳተውን ጻፉና አወዳድሩ።

ጥላቻ በጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊው ዳኛ ዴቪድ ኩት ሊቨርፑልንና አሰልጣኙ የነበረውን ክሎፕን ሲሳደብ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2024 ወጥቶ ከሥራ ተባሯል፣ ተገቢም ነው። የእንግሊዝ ዳኞች የሚደግፉትን ክለብ አስመዝግበው የዚያን ክለብ ጨዋታ አይመደቡም፤ ይህም ጥሩ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ የዲያዝ ጎል በተሻረበት ሳምንት የቫሩ ዳኛና አራተኛ ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ከሁለት ቀን በፊት የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ሊግ እየተከፈላቸው አጫውተው ገና መመለሳቸው ነበር። የሌላው የሊጉ ክለብ የማንቸስተር ሲቲ ባለቤት ደግሞ የዚያው አገር ሰው፣ የአቡዳቢው ሼክ መንሱር ናቸው! ገዟቸው አላልኩም፣ አላምንምም። ግን ከጋሼ ንግግር የሚወጣውን ጥያቄ ለንደንም ላይ ልንጠይቀው ይገባል፦ የማን እንግዳ ነህ?

ለዞናችን ውድድር የምለው ይህ ነው። የዳኛ አበል በአዘጋጁ ወረዳ እጅ አይለፍ፤ ዞኑ ከጨዋታው በፊት ይክፈል። ምደባው ከሁለቱም ቡድን አገር ባልሆነ ሰው ይሠራና ለሁለቱም አሰልጣኞች እኩል ይነገር። ሜዳው ዙሪያ ገመድ ይወጠር፣ ከመስመሩ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ቢሆን እንኳ ረዳት ዳኛው ይተነፍሳል። የኮሚሽነሩ (ጨዋታውን ታዝቦ የሚጽፈው ሰው) ሪፖርት ላይም የጎልና የካርድ ቁጥር ብቻ አይጻፍ፤ ዳኞቹ የት እንዳደሩና አልጋውን ማን እንደከፈለ አንድ መስመር ይጨመርበት። ቅሬታ ያለው ቡድን ደግሞ "ሌባ" ብሎ ከመጮህ በፊት ያቺን መስመር አሳዩኝ ብሎ ይጠይቅ።