አሥራ አንዱ ወስነው አንዱ ሲቀር፦ ስለ ጁሪ ጥያቄና መልስ

ስለ ጁሪ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ጁሪ ማለት፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው በጋራ የሚወስኑ፣ ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት የሆኑ ተራ ዜጎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና ቆሜያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ለጁሪነት ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አሁን ጁሪ ላይ ያላችሁ ካላችሁ የጉዳያችሁን ዝርዝር አትንገሩኝ፤ እስኪያልቅ ለማንም ማውራት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» ሲባል ስንት በመቶ ማለት ነው? ዘጠና? ዘጠና ዘጠኝ?

መልስ፦ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለት ዐቃቤ ሕግ እስከዚህ ድረስ ማስረዳት አለበት ማለት ነው። ቁጥር ግን የለውም፤ ዳኛውን ብትጠይቀውም አይነግርህም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1970 ይህ መለኪያ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ ነው ብሎ ወስኗል፤ በመቶኛ ግን አልሰፈረውም። እኔ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ጥርጣሬዬን ማስረጃው ላይ በጣቴ ላሳይ እችላለሁ? «ምስክሩ በጨለማ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ፊቱን ለየሁት ብሏል፤ መብራት ስለመኖሩ የተናገረ ግን የለም» ካልክ ምክንያት አለህ። «ማን ያውቃል፣ መንትያ ወንድም ይኖረው ይሆናል» ካልክ ግን ምናብህ ነው የሠራው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ጥርጣሬ ከቀረበው ማስረጃ ብቻ ሳይሆን መቅረብ ሲገባው ካልቀረበውም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ተከሳሹ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል እንዴ?

መልስ፦ ይላል። ጠበቃው ዝም በል ብሎት ይሆናል፤ ሲደነግጥ የሚንተባተብ ሰውም ይሆናል። ዝምታውን እንዳትቆጥሩበት ዳኛው ያዝዛችኋል። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ የምክክር ክፍሉ እንደገባን ወዲያው እጅ አውጥተን ድምፃችንን ብንተዋወቅ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ እኔ አልወደውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዴ «ጥፋተኛ» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያዳምጠው ቃሉን ለመጠበቅ ነው። ሃሪ ካልቨንና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በ1966 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ድምፅ ብዙኃኑ የያዘው ሐሳብ ከአሥር ጉዳይ በዘጠኙ ያህል የመጨረሻው ውሳኔ ሆኖ ተገኝቷል። መጀመሪያ ማስረጃውን አንድ በአንድ አውሩበት፤ ድምፁ የትም አይሄድም። ሰብሳቢው ቸኩሎ አሁኑኑ ካለ ደግሞ ቢያንስ በወረቀት ይሁን በሉት።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ብቀርስ? ከአሁኑ ሆዴን ያመኛል።

መልስ፦ ያማል። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። በ1950ዎቹ ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሰብስቦ የመስመር ርዝመት አስነጻጸራቸው። ሕፃን የማይስተው ነገር ነው። በክፍሉ ያሉት ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ ተነግሯቸዋል። ምንም የማያውቀው ያ አንዱ ሰው በእነዚያ ዙሮች ከሰጣቸው መልሶች ሲሶ ያህሉ የሌሎቹን ስሕተት ተከትለው ተገኙ። ዓይኑ እያየ! እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲጨምርለት ስሕተቱ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ወረደ።

ስለዚህ አሥራ አንዱን ላሳምን ብለህ አትነሣ፤ አንድ ሰው ፈልግ። ፈልግ ስልህ ኮሪደር ላይ ጎትተህ አይደለም፤ ምክክር የሚደረገው አሥራ ሁለታችሁም ባላችሁበት ብቻ ነው። ስትናገር ማን እንዳቀረቀረ፣ ማን ማስታወሻውን መልሶ እንደገለጠ አስተውል። ከዚያ «አንቺስ ያን የሰዓቱን ነገር እንዴት አየሽው?» በላት። የስድስት ሰው ጁሪ የማይመቸኝም ለዚህ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰው ሁለቱ ቢጠራጠሩ አንዱ ለአንዱ ጓደኛ ይሆናል፤ በስድስቱ ውስጥ ያው ድርሻ አንድ ብቸኛ ሰው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1970 ስድስት ይበቃል አለ፤ በ1978 ደግሞ አምስት አይበቃም አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጽናቴ ግትርነት አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ «ምን ቢያሳዩኝ ሐሳቤን እለውጣለሁ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልስ ካለሽ ጽናት ነው። መልስ ከሌለሽ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ውስጥ ገብተሻል፤ ያኔ የምትሟገቺው ለተከሳሹ ሳይሆን ለራስሽ ኩራት ነው። የምስክር ቃል እንዲነበብላችሁ ወይም አንድ ማስረጃ እንደገና እንድታዩ ዳኛውን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ዳኛው ሁልጊዜ እሺ ባይልም ጠይቁ፤ ከጩኸት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዱ አባል ስለ ተከሳሹ ዘር ቢናገርስ? ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበል። ጭፍን ጥላቻ ግን ስሙን ጠርቶ አይገባም፤ የልምድ ካባ ለብሶ ነው የሚመጣው። «እዚያ ሰፈር ሠርቻለሁ፣ አውቃቸዋለሁ» ይላል። የምታጋልጠው ያቺ «አውቃቸዋለሁ» ውስጥ ያለችው ብዙ ቁጥር ናት። የተከሰሰው አንድ ሰው ሆኖ ወሬው «እነሱ» ላይ ከደረሰ ጆሮህን አቁም። ስድብ አያስፈልግም፤ «እሱ ራሱ ማድረጉን የሚያሳየው ማስረጃ የቱ ነው?» በቂ ነው። የማይመለስ ከሆነ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ለዳኛው ማስታወሻ ጻፍ።

«በፊት» ያልኩት በምክንያት ነው። ፍርድ ቤቶች ከውሳኔ በኋላ የምክክር ክፍሉን በር መክፈት አይወዱም። የጁሪ አባላት ጠጥተውና ዕፅ ወስደው ነበር በተባለበት የ1987 ጉዳይ እንኳ አባላቱ በዚህ ላይ እንዲመሰክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም። ጠባቧ ቀዳዳ የተከፈተችው በ2017 ነው። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የጁሪ አባል ተከሳሹ ይህን ያደረገው ሜክሲኳዊ ስለሆነ ነው ብሎ ሲሟገት ነበር፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ሁለት ባልደረቦቹ ይህንኑ ለተከላካይ ጠበቃው ነገሩት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንድ የጁሪ አባል ለጥፋተኝነት ውሳኔው በዘር ጥላቻ መመራቱን በግልጽ ከተናገረ ፍርድ ቤት ማስረጃውን መመርመር ይችላል አለ። ሳይናገር በሆዱ ለያዘው ግን ቀዳዳዋ አትጠቅምም።

ጥያቄ፦ ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? አሥር ለሁለት አይበቃም?

መልስ፦ እንግሊዝ ከ1967 ጀምሮ አሥር ለሁለትን ትቀበላለች፣ ያውም መጀመሪያ በሙሉ ድምፅ እንዲሞክሩ ጊዜ ከተሰጣቸው በኋላ። አሜሪካ ውስጥ ግን የዚህ ነገር ታሪክ ይሸታል። ሉዊዚያና በ1898 ሕገ መንግሥቷን ስታወጣ ከአሥራ ሁለት ዘጠኝ ድምፅ ይበቃል ያለችው፣ ጥቁሮች ጁሪ ውስጥ ቢገቡ እንኳ ድምፃቸው ዋጋ እንዲያጣ ነው። በ1974 ቁጥሩን ወደ አሥር ከፍ አደረገችው። በከባድ ወንጀል ሙሉ ድምፅ በሁሉም ግዛት ግዴታ የሆነው ገና በ2020 ነው። የአናሳውን ድምፅ አልፎ መሄድ የተቻለበት ክፍል ውስጥ ማንም እሱን ለማሳመን አይደክምም፤ ይህን ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያሻም።

ጥያቄ፦ አልስማማም ብል ዳኛው ሊቀጣኝ ይችላል?

መልስ፦ ስለ ድምፅህ አይቀጣህም። ለዚህ የምናመሰግነው ኤድዋርድ ቡሼልን ነው። በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የተባሉ ኩዌከሮች (የአንድ ክርስቲያናዊ እምነት ተከታዮች) መንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስባችኋል ተብለው ተከሰሱ። ቡሼልን ጨምሮ አራት የጁሪ አባላት አንፈርድባቸውም አሉ። ዳኞቹ ጁሪውን ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ እሳት ቆለፉበት። አባላቱ እየተራቡ ጭራሽ ሁሉም ነፃ ናቸው ብለው ወጡ። በዚህም ተቀጡ፤ ቡሼል አልከፍልም ብሎ ታሰረ። በኋላ ዋና ዳኛ ጆን ቮን፣ ጁሪ በሰጠው ውሳኔ አይቀጣም ብሎ አስፈታው።

ጥያቄ፦ አልተስማማንም ብለን ብንጽፍ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ዳኛው ጠርቶ ተመልሳችሁ ሞክሩ ይላችኋል። አናሳው ራሱን መልሶ እንዲጠይቅ የሚገፋ ንግግር በ1896 ተፈቅዷል፤ ጠበቆች «ድማሚት» ይሉታል፤ የከለከሉት ግዛቶችም አሉ። ድምፁ ስንት ለስንት እንደሆነ ግን አትጻፉ። በመጨረሻ ካልሆነ ችሎቱ ይፈርሳል፤ ዐቃቤ ሕግ እንደ አዲስ መጀመር ይችላል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ራስዎ ብቻዎን ቆመው ያውቃሉ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ስጸልይ ነበር። ጁሪ በተቀመጥኩ ጊዜ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ፤ ምስክሯ ሰውየው የለበሰውን ጃኬት ቀለም ሁለት ጊዜ ለያይታ ተናግራለች። አነሣሁት። አሥራ አንዱም ሰሙኝ፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ቃሏ ይነበብልን ልል ስል አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ዓርብ ማታ ነበር። ተውኩት፣ እጄን አነሣሁ። ሰውየው ጥፋተኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬም እንደዚያ ይመስለኛል። እጄን ያነሣሁት ግን አምኜ ሳይሆን ሰልችቶኝ ነው።

ውሳኔው ከተነበበ በኋላ ጠበቃው ስለጠየቀ እያንዳንዳችን በየተራ «ይህ ያንተ ውሳኔ ነው?» ተባልን። የመጨረሻዋ በር ያቺ ናት፤ አይደለም ማለት ይቻላል። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ለሌሎች የነገርኩት ነገር ነው። «አዎ» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ጸሐፊዋ ደግማ ጠየቀችኝ።