ደሴ የተሠራ በር ኮምቦልቻ ሲገባ ለምን ይሰነጠቃል? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ እንጨት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ዛሬ ሰብሰብ አርጌ ልመልስ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም የብዙ ሰው ቤት ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ ላይ ደሴ አንድ እንጨት ቤት የባሕር ዛፍ በር አሠርቼ ኮምቦልቻ ቤቴ አስገጠምኩ። ሲገጠም ልክክ ብሎ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን መሃሉ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ጣት ያስገባል። የሠራው ልጅ ስደውልለት የኮምቦልቻ ሙቀት ነው እኔ ምን ላድርግ ይለኛል። እውነት ጥፋቱ የሙቀቱ ነው? (አንድ አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ መጀመሪያ አብሽሩ፣ በሩ ይጠገናል። ልጁ የነገርዎ ግማሹ እውነት ነው። እንጨት ተቆርጦ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት ሲሰጥ ሲቀበል ነው የሚኖረው። የአየሩ እርጥበት 80 ፐርሰንት የሆነ ቦታ የቆየ ጣውላ ከራሱ ደረቅ ክብደት 16 ፐርሰንት ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ አየሩ 50 ፐርሰንት ወደሆነበት ቦታ ሲሄድ ደግሞ ወደ 9 ይወርዳል። ደሴ እንደሚያውቁት ጦሳ ስር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ነሐሴ ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ነው የሚገባው፣ ልብስ እንኳን ታጥቦ በቀን አይደርቅም። ከዛ ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ በጋው ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ነው። ስለዚህ በሩ በሁለት ሰዓት ሳይሆን በአራት ወር ውስጥ የያዘውን ውሃ ቀስ እያለ ለቀቀ ማለት ነው።

ውሃ ሲለቅ እንጨት ይጠባል፣ የሚጠበው ግን በርዝመቱ አይደለም፣ በርዝመቱ አይታወቅም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ነው። እርጥበቱ ከ20 ወደ 12 ፐርሰንት ቢወርድ 90 ሴንቲ ወርድ ያለው ጣውላ እንደ እንጨቱ አይነት እስከ 2 ሴንቲ ድረስ ሊጠብ ይችላል። አሁን ያ ጣውላ ግራና ቀኝ በኮላና በሚስማር ታስሮ ከተያዘ የት ይሂድ? መሃሉ ላይ ይተረተራል እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም።

እና ሌላው ግማሽ ጥፋት የሠሪው ነው። አንደኛ ጣውላው ሳይደርቅ ነው የተሠራው። በተለይ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም የሚጠብ፣ የሚጠማዘዝና የሚሰነጠቅ እንጨት ስለሆነ ችኮላ አይወድም፣ ከመሰንጠቂያ የመጣ 2.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ስር በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባለት አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ተደርድሮ ብዙ ወራት አንዳንዴም ዓመት ይፈልጋል። ሁለተኛ የመሃሉ ጣውላ መታሰር አልነበረበትም። ዙሪያ ያለው ፍሬም ውስጥ ቦይ ተቆፍሮለት ያለ ኮላ ያለ ሚስማር ልቅ ሆኖ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ያኔ በክረምት ሲያብጥ ቦዩ ውስጥ ይገባል በበጋ ሲጠብ ይወጣል፣ በሩም አይጎዳም። የድሮ ጥሩ አናጢዎች የሠሩትን በር ብታዩ ይሄ ነገር አለ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጣውላ ደርቋል ሲባሉ እንዲህ አርገው ይፈትኑት። ከጣውላው መሃል (ከጫፉ አይደለም፣ ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል) ትንሽ ቁራጭ ያስቆርጡና በሱቅ ሚዛን ይመዝኑት፣ ከዛ ኦቭን ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቀው እንደገና ይመዝኑት። 560 ግራም የነበረው 500 ቢሆን የጠፋው 60 ግራም ውሃ ነው፣ 60 ለ500 ሲካፈል 12 ፐርሰንት ነው፣ እሱ ለኮምቦልቻ የቤት ውስጥ ሥራ ይሆናል። ከ20 በላይ ከወጣ ግን በሩን አያሠሩ።

አሁን ያለውን በር በስቱኮ አይድፈኑት፣ ክረምት ሲያብጥ ይተፋዋል። ከዛው አይነት እንጨት ቀጭን ቁራጭ ተልጎ ስንጥቁ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ ኮላ ተቀብቶ ይግባ፣ በሌላው በኩል ትንሽ ክፍተት ይተውለት። ከዛ ቫርኒሹ የፊትና የጀርባው ብቻ ሳይሆን የበሩ አናትና ግርጌም ይቀባ፣ ሁሉም ሰው የሚረሳት እሷን ነው፣ ውሃ ደግሞ በብዛት የሚገባውም የሚወጣውም በጣውላው ጫፍ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? በቅርቡ ላገባ ነው እና ሰኞ ገበያ አካባቢ ቁምሳጥን ዋጋ ጠየቅኩ፣ ንጹህ ዋንዛ ነው ብለው ከሌላው በጣም ጨምረው ነገሩኝ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ዋንዛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ፊት ለፊቱን አትይው፣ ፊቱ ሁሌ ያምራል። መሳቢያውን አውጪና ከስሩና ከኋላው ያልተቀባውን ቦታ እዪ። የዋንዛ ውስጠኛው እንጨት ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ነጣ ይላል፣ እና ከመጠኑ አንጻር ሲያነሱት ቀለል ይላል። ባሕር ዛፍ ቡናማ ቀለም ተቀብቶ ዋንዛ ነው ከተባለ ክብደቱ ያጋልጠዋል። ሌላው ደግሞ ኤምዲኤፍ (የተፈታ እንጨት ከኮላ ጋር ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ የእንጨት ልባስ ተለጥፎ የሚሸጥ አለ፣ እሱን የምትለዪው በጠርዙ ነው፣ እውነተኛ ጣውላ ላይ የፊቱ መስመር ጠርዙ ላይ ታጥፎ ይቀጥላል፣ ልባሱ ላይ ግን መስመሩ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል።

ዋንዛ ውድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጋዝና ለመላጊያ ለስላሳ ነው፣ ሲደርቅ ብዙ አይጠብም፣ ውስጠኛውን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። አያቶቻችን ገበቴውን፣ ሙቀጫውን፣ ከበሮውን ከሱ ያደረጉት ለዚህ ነው፣ ዘነዘናውን ግን ከወይራ፣ ምክንያቱም ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ መውቀጥን ይችላል፣ ጠረጴዛ ልሥራብህ ብትዪው ግን መጋዝ ይጨርሳል። እያንዳንዱን እንጨት በየቦታው ያውቁት ነበር፣ እኔ ይሄ እውቀት እየጠፋ መሆኑ ከልቤ ያሳዝነኛል። ዛፉም አልቋል፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ስለዚህ ስትገዪ ከገበሬ ማሳ የመጣ መሆኑን ጠይቂ። እኔን ካማከርሽኝ ደግሞ በሩን ብቻ ዋንዛ አርጊውና አካሉን በደንብ ከደረቀ ግራቪሊያ አሠሪው፣ መልኩም ያምራል ብርሽም ይተርፋል፣ ለሠርጉ ሌላ ስንት ወጪ አለብሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። የኪችን ካቢኔቴ ኤምዲኤፍ ነው፣ ከእቃ ማጠቢያው ስር ያለው አበጠና እንደ ዳቦ ተነፋ። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይመለሳል? (አንዲት እናት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ እማማ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አይመለስም፣ ፀሐይ ላይ በማውጣት አይድከሙ። ኤምዲኤፍ ማለት እንጨት እንደ ጥጥ እስኪሆን ተፈትቶ ከኮላ ጋር ተደባልቆ በሙቀት የተጨመቀ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ያ የተጨመቀው ይለቀቃል፣ ከደረቀ በኋላም ወደ ቦታው አይገባም። ችፑድም እንደዛው ነው፣ እንደውም እሱ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ብሎኑን ጭምር ይተፋል። የተነፋውን ቁራጭ ብቻ አስወጥተው በኮምፔርሳቶ ያስተኩት። ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በቁም አንዱ በአግድም እየተደረቡ የሚጣበቁበት ነው፣ 3 ወይ 5 ወይ 7 እየሆነ ጎዶሎ ቁጥር የሚደረገው ሁለቱም ፊቱ እኩል እንዲስብና እንዳይጣመም ነው። ሁሉም ግን ውሃ አይችልም፣ ውሃ የሚችል ኮላ ያለው ይስጡኝ ብለው ይጠይቁ፣ ለቤቶን ፎርምወርክ (ቤቶን ሲሞላ አቅፎ ለሚይዘው) የሚሆነው ጥቁር ፊት ያለው አይነት ይሠራል። ጠርዙን በቀለም ወይ በሲሊከን ያስደፍኑ፣ ካቢኔቱም ወለል ላይ አይቀመጥ፣ 10 ሴንቲ የፕላስቲክ እግር ይደረግለት። ከሁሉ በፊት ግን የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ያሠሩልኝ።

ጥያቄ፦ ለአራስ ልጃችን አዲስ የኤምዲኤፍ አልጋና ቁምሳጥን ገዛን፣ ክፍሉ በጣም ይሸታል ዓይንም ያቃጥላል። ይጎዳዋል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ ሽታው ፎርማልዴሃይድ ይሆናል፣ ኮላው ውስጥ ያለ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል። ዓይን እስኪያቃጥል ከደረሰ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ዛሬውኑ ሌላ ክፍል ይተኛ። እቃዎቹን ባዶ አርጋችሁ መሳቢያ ተከፍቶ መስኮት ተከፍቶ ለሳምንታት ይናፈሱ። ሙቀት ሲጨምር የሚወጣውም ይጨምራል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀን ቀን መስኮት ዘግታችሁ መውጣት ተዉ። ያልተሸፈነ ጠርዝና የብሎን ቀዳዳ ካለ ሸፍኑት፣ በብዛት የሚወጣው ከዛ ነው። ወደፊት ስትገዙ ኢ1 የሚል ደረጃ ያለው መሆኑን ጠይቁ፣ እሱ የሚለቀው ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ የአጥር ባሕር ዛፋችንን በሁለት ዓመት ምስጥ ጨረሰው፣ ምን እንትከል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የሐበሻ ጥድ ውስጠኛው ክፍል ምስጥን በደንብ ይቋቋማል፣ ግን ከላይ እንዳልኩት ዛፉ ጥበቃ ያስፈልገዋል፣ የቆየ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ ቋሚ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካልሆነ ባሕር ዛፉን ራሱን አፈር አታስነኩት፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ከፍ ያለ የቤቶን እግር ሥሩና እንጨቱን በብረት ከላዩ እሰሩት፣ የቤቶኑን ዙሪያም በየወሩ እዩት፣ ምስጥ በጭቃ መንገድ ሠርቶ ሲወጣ ይታያል፣ ያኔ መጥረግ ነው።