የአይሁድ በዓላትና የኮሌጁ ካላንደር

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነኝ። የቤተ እስራኤል ተማሪዎች አሉን። የ2019ን አካዳሚክ ካላንደር እያዘጋጀን ሳለ አንዳንድ መምህራን “ለእነሱ ከተባለ መስከረም ሙሉውን ሊዘጋ ነው” አሉ። እውነት ነው? የማታና የቅዳሜ እሁድ ፕሮግራምም አለን።

መልስ፦ ምንም የሚዘጋ ነገር የለም። በ2019 መስከረም ላይ መደበኛውን ፕሮግራም የሚነካው አንድ ሰኞ ብቻ ነው። የሚከብደው የቅዳሜ እሁዱ ነው። ብርሃን ሠረቀ፣ ማለትም የአይሁድ አዲስ ዓመት (ሮሽ ሃሻና)፣ በእንቁጣጣሽ ማታ ይገባና መስከረም 2 እና 3 ይውላል። የዳስ በዓል መክፈቻው መስከረም 16 እና 17፣ መዝጊያው 23 እና 24 ነው። ሁሉም ቅዳሜና እሁድ ናቸው። 17 መስቀል ስለሆነ ያው ዝግ ነው። ከ18 እስከ 22 ባሉት የዳስ ቀናት ብዙዎቹ ክፍል ይገባሉ። ከእስራኤል ውጭ በዓሉን ሁለት ቀን ማክበር የተለመደ ቢሆንም አንድ ቀን ብቻ የሚያከብርም ስላለ ተማሪዎቹን ይጠይቁ።

ያቺ ሰኞ መስከረም 11፣ አስተሰርዮ ወይም ዮም ኪፑር ናት። ከእሁድ ማታ ጀምሮ ለ25 ሰዓት ያህል ምግብም ውኃም የለም። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈተና ማስቀመጥም ደግነት አይደለም፤ ከሰዓት ያድርጉት። የቤተ እስራኤል የራሳቸው በዓል የሆነው ስግድ ጥቅምት 30 ሰኞ ነው። እንደሌሎቹ በዓላት ሥራ በኦሪት የተከለከለበት ባይሆንም ጾሙና ጸሎቱ ቀኑን ስለሚወስድ ፈተና አይመደብበት።

ፋሲካቸው ሚያዝያ 14 ሐሙስ ይጀምራል። ሥራ የማይሠራባቸው 14፣ 15፣ 20 እና 21 ናቸው። 22 ስቅለት ስለሆነ የትንሣኤውን ዕረፍት ከረቡዕ 20 ቢያስጀምሩት ሁለት ቀን ብቻ ጨምረው የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ያስተናግዳሉ። በዚያ ሳምንት እርሾ ያለበት ስለማይበላ ከካፌ እንጀራ ይበላሉ ብለው አይጠብቁ፤ ቂጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በኋላ የሚውለው የሸቩዖት በዓል ነው፤ ሰኔ 4 እና 5፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ልክ የማጠቃለያ ፈተና ሰሞን ይወድቃል። ሐኑካና ፑሪም ለተባሉት በዓላት ትምህርት ማቆም አያስፈልግም።

ስህተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው በዋዜማው ነው። በዓሉም ሰንበቱም የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ጎንደር ላይ ይህ እንደ ወቅቱ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ የማታ ተማሪ ክፍል የሚገባበት ሰዓት። ስለዚህ የዓርብ ማታ ፈተና አይሆንም። በኢንተርኔት የሚላክ አሳይመንትም “እስከ ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት” ከተባለ ያው ነው፤ መጻፍም ኮምፒውተር መንካትም ክልክል ነውና። ሐሙስ ወይም እሁድ ማታ ያድርጉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በምዝገባ ጊዜ ተማሪው የሚቀርባቸውን ቀናት በአንድ ገጽ ሞልቶ ይፈርም፤ ኮፒው ለትምህርት ክፍሉም ለመምህሩም ይድረስ። የሃይማኖት አባት ደብዳቤ መጠየቅ ትርፍ ድካም ነው፣ ቀኑ በአይሁድ ካላንደር ይረጋገጣል። ሜካፕ ፈተናው በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በሌላ ኮድ፣ ያለ ክፍያ ይሰጥ። የኒውዮርክ ግዛት ሕግም ማካካሻው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ላብራቶሪ ግን ለአንድ ሰው ዳግም ማዘጋጀት ስለሚያስቸግር ተማሪውን በሌላ ሴክሽን ያስገቡት። የአቴንዳንስ ወረቀቱ ላይ “በፈቃድ” መባሉን ያረጋግጡ፤ ፈቃድ ተሰጥቶት በቀሪ ብዛት ከፈተና የሚታገድ ተማሪ አይጠፋም።

የዘንድሮውን ቀን ለከርሞ አይገልብጡ። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ያህል ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደኋላ ይሸሻል፤ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ሲጨመር ደግሞ ይመለሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ንዑስ ቀመሩን፣ ማለትም የ19 ዓመቱን ዑደት፣ ያስታውሳል። በ2020 ብርሃን ሠረቀ መስከረም 21 ነው።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተናዬ ቅዳሜ ቢውልስ? (ተማሪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ የመውጫ ፈተናን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ኮሌጅዎ ብቻውን ቀኑን መለወጥ አይችልም። ለፈተናው ሲመዘገቡ በጽሑፍ አመልክተው ኮሌጁ ለሚኒስቴሩ እንዲያሳውቅልዎት ይጠይቁ፤ የገቢ ማህተም ያለበትን ኮፒ ይያዙ። ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ከሄዱ መልሱ “በሚቀጥለው ዙር ይፈተኑ” ሊሆን ይችላል።